ከጮቄ ብርድ እስከ ዓባይ በረሃ፦ ካሜራን ያጸናው ምንድን ነው?

ስለ ካሜራ ጥንካሬ ወሬ ሲነሳ የሚቀድመው የፋብሪካ ስም ነው። የጀርመኑ ጥራት አለው፣ የጃፓኑ አይከዳም፣ የሩሲያው ቢከብድም አይሰበርም ይባላል። አባባሎቹ ከባዶ የተነሱ አይደሉም። ይሁን እንጂ ካሜራ በአገራችን የኖረበትን የመቶ ስድሳ ዓመት መንገድ ከጎጃም ደጋ ላይ ሆኖ ከመነሻው ለተከተለው ሰው የፋብሪካ ስም ብቻውን ነገሩን አይፈታለትም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከበላይዋ ያለው ጮቄ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። በዚህ መንገድ ለሚመላለስ ካሜራ ብርዱ ዘይቱን ያረጋበታል፣ ሙቀቱ ሙጫውን ያላቅቅበታል፣ አቧራው ጥርሱ ውስጥ ይገባበታል፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ እርጥበቱ ወራት ሙሉ ሌንሱ ላይ ይተኛል። እንዲህ ባለ አገር የሰነበተው ካሜራ ከውጭ የሚጠይቀው ነገር ያነሰው ነው፦ ያለ ባትሪ የሚሠራው፣ ልዩ መፍቻ ሳያሻው የሚከፈተው፣ ሲታመም ሰዓት ሠሪ የሚያክመው። የፋብሪካዎቹም ስም ቢሆን የሚመዘነው ይህን ባሰቡበት መጠን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ታሪኩ በቅደም ተከተል ሲነገርም ይህንኑ ያሳያል።

በኢትዮጵያ ምድር ቀድመው ፎቶግራፍ ካነሱት ሰዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1859 የመጣው ሚስዮናዊ ሄንሪ ስተርን ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦርም ከመሐንዲሶቹ ክፍል ፎቶ አንሺዎችን ይዞ ነበር፤ ካርታና ንድፍ ከማባዛት ሥራቸው ጋር ተራራውን፣ ሰፈሩንና ሰዉን አንስተዋል። የዚያ ዘመን ካሜራ የእንጨት ሣጥን ነው፤ በውስጡ የሚሰበር ነገር የለም ማለት ይቻላል። የሚያስቸግረው ጓዙ ነበር። የመስታወቱ ገበታ ኮሎዲየን ተቀብቶ፣ ብር ናይትሬት ውስጥ ተነክሮ፣ ገና እርጥብ ሳለ ሥዕሉን መቀበልና መታጠብ ነበረበት፤ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ካለፈ ይደርቃል፣ ከደረቀም አይሆንም። ስለዚህ ፎቶ አንሺው በሄደበት ሁሉ ጨለማ ድንኳን፣ ጠርሙስ፣ መስታወትና ውኃ ተጭኖ ይከተለዋል። ሣጥኑ ለብቻው ቢታይ ጽናቱ የሚያስቀና ነው፤ ከነጓዙ ሲታይ ግን አንዲት የጭነት በቅሎ ገደል ከገባች ሥራው ያበቃል። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር የተወሰደውን ልዑል ዓለማየሁን ያነሳችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንም በዚሁ የእርጥብ መስታወት ዘዴ ነበር የሠራችው፤ ልዩነቱ ለእርሷ ውኃውም ጨለማ ክፍሉም በቅርቧ መሆኑ ነው። እንግዲህ ካሜራን ስንመዝን ሣጥኑን ብቻ ሳይሆን የሚከተለውን ጓዝ አብረን መመዘን አለብን። ይህ ሚዛን በቀረው ታሪክ ሁሉ ይከተለናል።

ቀጥሎ የመጣው ደረቅ ገበታ ከዚህ ጓዝ አብዛኛውን አራገፈ። መስታወቱ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ በካርቶን ይመጣል፤ ከተነሳ በኋላ ለሳምንታት ቆይቶ ሊታጠብ ይችላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ፎቶግራፍ በቤተ መንግሥት ሥር የሰደደው በዚህ ምክንያት ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ብዙ አንስቷል፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኗል፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ተከትለውታል። የዚያ ዘመን የፎቶ ቤት ካሜራ በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ የሚቀመጥ፣ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚታጠፍ ሆድ ያለው የእንጨት ዕቃ ነው። ሌንሱ በነሐስ ቀለበት ታስሯል፤ ብዙ ጊዜ መዝጊያ እንኳ የለውም። አንሺው የሌንሱን ክዳን አንስቶ፣ በልቡ ቆጥሮ፣ መልሶ ይከድነዋል። ሞላ የለው፣ ጥርስ የለው፣ ታዲያ ምኑ ይበላሽ? የወናፉ ቆዳ ቢቀደድ ጠጋኝ አይጠፋም፣ እንጨቱ ቢሰነጠቅ አናጢ አለ። የሠራው ኩባንያ ስም ተፍቆ ቢጠፋ እንኳ ዕቃው ሥራውን አይተውም። ከሁሉም ዘመን ካሜራዎች ይህን ያህል በአገር እጅ ሙሉ በሙሉ ሊታደስ የሚችል ሌላ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1888 ኮዳክ በጥቅል ፊልም የሚሠራ ካሜራውን፣ በ1900 ደግሞ በአንድ ዶላር የሚሸጠውን ብራውኒን ሲያወጣ ካሜራ ከመቆሚያው ወርዶ በእጅ ተያዘ። የጎጃም ሹማምንትም በዚህ ዘመን ከካሜራ ጋር ይበልጥ ተላመዱ። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ተከትለው አውሮፓ ሲዞሩ የየከተማው ጋዜጠኛ ካሜራ ተቀብሏቸዋል። ጎጃም ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺስማን የዓባይን አካሄድ በበቅሎ እየተከተለ ካርታ አንስቷል፤ ጣናንና ዓባይን የሚመለከተው መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1936 ታትሟል። የበቅሎ ጭነት ለካሜራ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት የዓባይን ቁልቁለት ማሰብ ይበቃል። በየእርምጃው ያለው መንቀጥቀጥ ትንንሽ ብሎኖችን ቀስ በቀስ ይፈታል፤ ከደጋው ብርድ የወረደ ሌንስ በረሃው ሙቅ አየር ውስጥ ሲገባ ላብ ያወጣል፤ ጠል የያዘውን ሌንስ በሸማ ጫፍ የጠረገ ሰው ደግሞ አቧራውን እንደ አሸዋ ወረቀት ያሽበታል። ብራውኒ ለዚህ ሁሉ መልሱ ቀላልነቱ ነበር። ካርቶን፣ አንድ ብርጭቆ ሌንስ፣ አንድ ሞላ፤ ሌላ የለም። ሥዕሉ ደብዛዛ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ጽናትና ጥራት ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ከመጀመሪያው መቀበል ይሻላል።

ሁለቱን ለማስታረቅ የተደከመው ጀርመን አገር ነው። ቬትስላር ከተማ የሚሠራው ኦስካር ባርናክ እ.ኤ.አ. በ1913 እና በ1914 የሲኒማ ፊልም የሚጎርስ ትንሽ ካሜራ ሠራ፤ ፋብሪካው ይህን ላይካ ብሎ በ1925 ለገበያ አወጣው። ድሬስደን ያለው ዛይስ ኢኮን በ1932 ኮንታክስን አውጥቶ ተወዳደረ። የእነዚህ ሁለት ካሜራዎች ንጽጽር ለክርክሬ ትልቅ ማስረጃ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የላይካ መዝጊያ ጎማ የተቀባ ሁለት የጨርቅ መጋረጃ ነው፤ በአግድም እየሮጠ ብርሃን ያሳልፋል። የኮንታክስ መዝጊያ እንደ ሱቅ ተጠቅላይ በር ከቀጫጭን ብረቶች የተገጣጠመ ሆኖ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚይዙት ሁለት የሐር ጥብጣቦች ናቸው። በወረቀት ላይ ኮንታክስ ይበልጣል፤ ፍጥነቱም የርቀት መለኪያውም የተሻለ ነበር። ጥብጣቧ ስትበጠስ ግን አንጀቱን ሁሉ ዘርግፎ ደግሞ መግጠም ይጠይቃል። ላይካም እንከን አለው። ሌንሱ ሳይከደን ወደ ፀሐይ ዞሮ ከተቀመጠ ጨረሩ መጋረጃውን በመርፌ ጫፍ ልክ ይበሳዋል፤ ከዚያ በኋላ በየሥዕሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይወጣል። በደጋው ስለታም ፀሐይ ይህ በቀላሉ ይደርሳል። መድኃኒቱ ግን ጠብታ ጥቁር የጎማ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ነው፤ ከቬትስላር የሚመጣ ባለሙያ አያስፈልግም።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወርረን የዓለም ጋዜጠኞች ወደ አዲስ አበባ ጎረፉ። ከእነርሱ አንዱ አልፍሬድ አይዘንስታት ላይካ ይዞ የመጣ ሲሆን ጫማ የሌለውን የኢትዮጵያ ወታደር የተሰነጣጠቀ ውስጠ እግር ያነሳበት ሥዕል እስከ ዛሬ ይታያል። ከዚያ ሥዕል በስተጀርባ ያለው ቴክኒክ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ጥቅል 36 ሥዕል ይይዛል፤ ካሜራው ኪስ ውስጥ ይገባል፤ የሚያስፈልገው ጓዝ ጥቂት ጥቅል ፊልም ብቻ ነው። በመቅደላ ዘመን በድንኳንና በበቅሎ ይሄድ የነበረው ሥራ በሰባ ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ሰው ኮት ኪስ ወረደ።

አምስቱ ዓመት አልፎ ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው በጎጃም በኩል ሲገቡ ካሜራ ተከትሏቸዋል። ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን ነው። የለንደኑ ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1941 ብሎ የመዘገበው አንድ ፎቶግራፍ ደምበጫ ምሽግ ውስጥ ያሳያቸዋል፤ በአንድ ወገናቸው ብርጋዴር ሳንድፎርድ፣ በሌላው ኮሎኔል ዊንጌት ቆመዋል። ስለዚህ ዘመን ካሜራዎች አንድ የሚያስገርም እውነት አለ። የእንግሊዝ ጦር የፎቶ ክፍል በዚያ ጦርነት አብዝቶ የተጠቀመበት ካሜራ የጠላት አገር ሥራ፣ የዛይስ ሱፐር ኢኮንታ ነበር፤ በቂ የአገር ውስጥ ምርት ስላልነበረ ከሲቪሎች እጅ ሳይቀር ይሰበሰብ ነበር። ያው ዛይስ ነው ኮንታክስን የሠራው። ኢኮንታ ግን ጥብጣብ የለውም፤ መዝጊያው ሌንሱ መካከል ያለ ቀላል የብረት ቅጠል ነው፤ ሲታጠፍ ሌንሱ ወናፉን አስከትሎ ወደ ሆዱ ይገባና ክዳኑ ይዘጋበታል። አንድ ፋብሪካ ለጦር ሜዳ የሚታመን ካሜራም፣ ለመጠገን የሚያዳግት ካሜራም ሠራ። ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ ዕጣቸው የተለያየው በአሠራራቸው ነው።

በዚያው ዘመቻ ጎጃም ውስጥ ከተዋጉት አንዱ በ1902 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የዓረቢያን በረሃ በግመል ሲያቋርጥ ላይካውን ከአሸዋ የጠበቀው በፍየል ቆዳ ስልቻ ነው። የጎጃም ገበሬ ዱቄቱን የሚይዝበት ዕቃ ማለት ነው። ፋብሪካ ከሚሰጠው ጠንካራ የቆዳ ማኅደር ይልቅ ስልቻው የተሻለበት ምክንያት አለው፤ ለስላሳ ነው፣ አፉ ታስሮ ይጠብቃል፣ ግጭቱንም ይውጣል። የካሜራ ዕድሜ ግማሹ ከያዘው ሰው ልማድ እንደሚመጣ የሚከራከሩ አሉ፤ ትክክል ናቸው። እኔ የምጨምረው ይህን ብቻ ነው፦ ልማዱ የሚጠቅመው ካሜራው ለልማድ ቦታ ሲተው ነው። ባትሪው ሲያልቅ የሚሞት ዕቃ በስልቻም ቢያዝ በሣጥን ያው ነው።

ከነጻነት በኋላ የፎቶ ቤት ሥራ ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ሲዘልቅ ለሥራው የተመቸው ባለ ሁለት ዓይን ካሜራ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1929 ብራውንሽቫይክ ላይ የተሠራው ሮላይፍሌክስ ነው። የላይኛው ዓይን ለአንሺው ያሳያል፣ የታችኛው ይስላል፤ አንሺው አንገቱን ደፍቶ ከደረቱ በታች ወዳለው መስታወት ያያል። የሚገላበጥ መስታወት፣ የሚሮጥ መጋረጃ የለውም። 12 ሥዕል የሚያወጣው ሰፊ ፊልሙ እያንዳንዱ ነጋቲቭ ስድስት በስድስት ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ማጉያ መሣሪያ የሌለው ፎቶ ቤት እንኳ በወረቀት ላይ ደርቦ ሊያትመው ይችላል፤ የጉንጭ ጥላ ማለስለስ ለሚፈልግ ባለሙያም በሹል እርሳስ ለመንካት የሚበቃ ስፋት አለው። ሮላይፍሌክስ ውድ ነበር። የጃፓኑ ያሺካ ያንኑ አሠራር በብዙ ባነሰ ዋጋ ሠራው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1986 የወጣው ያሺካ ማት 124ጂ የመጨረሻው ሆነ። የሻንጋዩ ሲገል ደግሞ ከዚያም የረከሰ ነበር። ሦስቱን አጠገብ ላጠገብ ያስቀመጠ ሰው የጀርመኑ ብረት እንደሚለሰልስ፣ የቻይናው መጎተቻ እንደሚንገጫገጭ ወዲያው በእጁ ይለያል። ሲበላሹ ግን የሚያማቸው አንድ በሽታ ነው። በመዝጊያው ውስጥ ያለው ዘይት ይደርቅና ሙጫ ይሆናል፤ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ጠዋት የሰከንድ ፍጥነቱ ሁለት ሰከንድ ይሆናል፣ ወይም ጨርሶ ተከፍቶ ይቀራል። ሕክምናውም አንድ ነው፦ የፊቱን ቀለበት ማውጣት፣ ሌንሱን ማላቀቅ፣ ቅጠሎቹን በንጹሕ ቤንዚን ማጠብ፣ አድርቆ ዘይት ሳይጨምሩ መመለስ። ሰዓት ሠሪ ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ ከጠረጴዛው ላይ ካለው ሰዓት የሚለየው በመጠን ብቻ ነው።

የክረምቱ ጉዳይ ከዚህ የከፋ ነው። ደብረ ማርቆስ አካባቢ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት ካሜራውን በቆዳ ማኅደሩ ከቶ ሣጥን ውስጥ የቆለፈ ሰው የጠበቀው ይመስለዋል። ቆዳው ግን እርጥበቱን ይዞ ያቆያል፤ ጨለማው ሻጋታውን ያፋፋል። መስከረም ሲጠባ ሌንሱን ወደ መስኮት ያቀና ሰው የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር መስታወቱ ውስጥ ተዘርግቶ ያያል። ሻጋታው ቶሎ ከተጠረገ ይለቃል፤ ከቆየ ግን የሚያወጣው አሲድ የሌንሱን ሽፋን በልቶ አሻራውን ይተዋል። በዚህ ረገድ ላይካም ዛይስም ኒኮንም ልዩነት የላቸውም፤ መስታወት መስታወት ነው። ልዩነቱ ሌንሱ በስንት ቀለበት ተፈትቶ ለጽዳት እንደሚደርስ ነው። የባለ ሁለት ዓይኑ ሌንስ ከፊትና ከኋላ በእጅ ይፈታል፤ ኋላ የመጡት ባለ ብዙ መስታወት ዙም ሌንሶች ግን ያለ ልዩ መሣሪያ የሚነኩ አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ኒኮን ኤፍ የጃፓንን ስም ከጀርመን ጎን አቆመው። መጋረጃው ከታይታኒየም ነው፣ ፀሐይ አይበሳውም፤ የላይኛው መመልከቻ፣ የጀርባው ክዳን፣ ሌንሱ ሁሉ ተነቅሎ ይተካል። እንግሊዛዊው የጦር ሜዳ ፎቶ አንሺ ዶን ማኩሊን በ1970 ካምቦዲያ ውስጥ በጥይት የተመታ ኒኮን ኤፍ ነበረው፤ ካሜራው ጥይቱን ይዞ አስቀርቶለታል። ይህ ታሪክ ለኒኮን ስም ብዙ ሠርቷል፤ ስለ ጽናት የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። በጥይት የሚመታ ካሜራ ከሺህ አንድ አይሞላም፤ ሁሉም ካሜራ ግን አቧራ ይጠጣል። ኒኮንን ያጸናው በክፍል በክፍል መሠራቱ ነው፤ አንዱ ክፍል ሲሞት ከሌላ ኒኮን ተነቅሎ ይገባል። ከዚህ በተቃራኒ ወገን ከሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ ላይ በሚሊዮን የተሠራው ዜኒት ኢ ነበር። ፍጥነቱ ከሰከንድ 30ኛ እስከ 500ኛ ብቻ ነው፤ ከዚህ ወዲያ አያውቅም። የብርሃን መለኪያው ባትሪ አይጠይቅም፤ ሴሌኒየሙ ራሱ ከብርሃኑ ኃይል ያገኛል። ብርሃን እንዳይገባ የሚከለክለው ጥቁር ክር ነው። አንድ ዜኒት ከሌላው ዜኒት የተለየ ጠባይ ሊኖረው መቻሉን፣ የፋብሪካው ቁጥጥር ልል እንደነበረም እቀበላለሁ። ካርኪቭ የተሠራው ፌድም የላይካ ግልባጭ ሆኖ ሳለ በልስላሴ አይደርስበትም። ግን ተመልከቱ፦ ግልባጩ የላይካን ቀላል አሠራር ወርሶ ኖረ። ከጦርነቱ በኋላ የኮንታክስ ማሽኖች ወደ ኪየቭ ተወስደው የተሠራው ኪየቭ ካሜራ ደግሞ የኮንታክስን ጥብጣብ ወርሶ እስከ 1980ዎቹ በዚያው በሽታ ታመመ። ፋብሪካው፣ አገሩ፣ ሥርዓቱ ሁሉ ተለውጦ በሽታው አልተለወጠም።

በ1967 ዓ.ም. አብዮቱ የከተማ ቀበሌዎችን ሲያቋቁም ፎቶግራፍ ከሠርግና ከበዓል አልፎ የመታወቂያ ጉዳይ ሆነ። ጉርድ ፎቶ የሌለው ሰው ጉዳዩ አይንቀሳቀስም። ለክፍለ ሀገር ፎቶ ቤት ይህ የማያቋርጥ ሥራ ነው፤ በአንድ ጠዋት ብዙ ፊት፣ አንድ ርቀት፣ አንድ ብርሃን። እንዲህ ያለ ሥራ ካሜራን የሚፈትነው በድግግሞሽ ነው። የጥቁርና ነጭ ፊልም ደግሞ ለደጋው የተፈጠረ ይመስላል። ዴቨሎፐሩ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ በደንብ ይሠራል፤ በደብረ ማርቆስ አየር ወደዚያ ለማድረስ ብዙ ማሞቅም ማቀዝቀዝም አያሻም። አንድ ቀይ አምፖል፣ ሦስት ሳሕን፣ ባልዲ ውኃ፣ በር የሚዘጋ ክፍል ካለ ፎቶ ቤቱ ከማንም አይለምንም። ኤሌክትሪክ ቢጠፋ እንኳ ፊልም ይታጠባል፤ የሚቆየው ማተሙ ብቻ ነው።

ሁኔታው የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በዚያ ዓመት ካኖን ኤኢ-1 ማይክሮፕሮሰሰር በሆዱ ይዞ ወጣና በሚሊዮን ተሸጠ፤ ባትሪው ካለቀ ግን ቁልፉ ቢጫኑትም አይሠራም። በዚያው ዓመት ፔንታክስ ሁለት ካሜራ አወጣ። ኤምኢ የተባለው ትንሽ፣ ቆንጆ፣ ፍጥነቱን በኤሌክትሮኒክስ የሚመርጥ ነበር፤ ኬ1000 የተባለው ግን ከብዙ ዓመት በፊት የነበረውን አሠራር ይዞ የቀረ፣ ባትሪውን ለብርሃን መለኪያ ብቻ የሚጠቀም። ኤምኢ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቀረ፤ ኬ1000 እስከ 1997 ድረስ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ተሠራ። ኒኮንም እንዲሁ በ1982 መካኒካዊውን ኤፍኤም2፣ በ1983 በዚያው አካል ኤሌክትሮኒካዊውን ኤፍኢ2 አወጣ፤ ኤፍኢ2 በ1987 ሲቆም ኤፍኤም2 እስከ 2001 ዘለቀ። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓይነት ብረት፣ አንድ ዓይነት ሌንስ። የፋብሪካ ስም ብቻ ጽናትን የሚወስን ቢሆን ኖሮ መንትዮቹ እኩል በኖሩ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሳል፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው ኤሌክትሮኒክሱ ይበልጥ ትክክል ነው ይላል። እውነት ነው፤ በኳርትዝ የሚመራ መዝጊያ ከሞላ ይልቅ ሰከንዱን ይጠብቃል። ነገር ግን በጎጃም በጋ ሰማይ ሥር ብርሃኑ ለሰዓታት አይለዋወጥም፤ ኮዳክ በፊልሙ ካርቶን ውስጥ ያተመውን የፀሐይና የጥላ ሠንጠረዥ የተከተለ ሰው ያለ መለኪያ በትክክል ያነሳል። በሌላ በኩል የብዙ ካሜራ መለኪያ የተሠራበት የሜርኩሪ ባትሪ በአካባቢ ብክለት ምክንያት ከገበያ ሲወጣ መለኪያዎቹ በአንድ ጊዜ ተሳሳቱ፤ ካሜራው ምንም ሳይሆን የሚመገበው ነገር ጠፋ። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ከባድ ነው፦ ዛሬ የምናያቸው የተረፉትን ብቻ ነው፣ የሞቱትን ማን ቆጠራቸው? ይላል። ልክ ነው፤ የሞቱት ብዙ ናቸው። ግን እንዴት ሞቱ የሚለው መልስ አለው። የጃፓን ካሜራዎች ብርሃን የሚከለክሉበት ስፖንጅ በአሥራ አምስትና በሃያ ዓመት ውስጥ ሟሙቶ እንደ ቅጥራን ይጣበቃል፤ ይህን ያየ ሰው ካሜራው አለቀ ብሎ ይጥለዋል። ስፖንጁን በእንጨት ስንጥር ጠርጎ በቦታው ጥቁር የሱፍ ክር ያስገባ ሰው ግን ያው ካሜራ ዳግመኛ ይሠራለታል። ሁለት የሞቱ ያሺካዎች አንድ ሕያው ያሺካ ያወጣሉ፤ ሁለት የሞቱ ኤኢ-1 ግን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳቸው ከተቃጠለ አንድም አያወጡም። የሞቱት ሲቆጠሩ ክርክሬ ይጠነክራል እንጂ አይላላም።

ፊልም ካሜራን ከክፍለ ሀገር ፎቶ ቤት ያስወጣው የካሜራው መሰበር አልነበረም። ከለር ፊልም ሲስፋፋ ማጠቢያው 38 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ጠየቀ፤ ለዴቨሎፐሩ ብቻ ሦስት ደቂቃ ከሩብ ሳይዛነፍ። ይህን የሚያደርገው ማሽን ኤሌክትሪክ፣ ንጹሕ ውኃና ከውጭ የሚመጣ ኬሚካል ያለማቋረጥ ይፈልጋል። ጨለማ ክፍሉ ተዘጋ፤ ፊልሙ ማሽኑ ወዳለበት ከተማ ይላክ ጀመር። እነሆ፣ በመቅደላ ዘመን ከፎቶ አንሺው ጋር በበቅሎ ይጓዝ የነበረው ጓዝ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ሩቅ ቦታ ተቀምጦ ፎቶ አንሺውን ወደ ራሱ የሚጠራ ሆነ። ዲጂታል ሲመጣ ኮዳክ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ብዙ ሰው ፊልም ሞተ አለ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ፔንታክስ ፊልሙ በአውራ ጣት የሚጎተት አዲስ ካሜራ ለገበያ አቀረበ፤ ላይካም ኤም6ን በ2022 መልሶ መሥራት ጀምሯል። ሁለቱም ወደ እጅ መጎተቻ የተመለሱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ካሜራው ይህን ያህል ከኖረ የሰጠው ነጋቲቭስ? አዲስ አበባ ላይ የቤተሰብ ፎቶዎችን እያሰባሰበ ለሕዝብ ያደረሰው ቪንቴጅ አዲስ አበባ የተባለ መጽሐፍ ምን ያህል ሀብት በየቤቱ እንደተቀመጠ አሳይቷል። የጎጃም ከተሞች ፎቶ ቤቶች ነጋቲቭም እንዲሁ መሰብሰብ ይገባዋል፣ ጊዜውም አሁን ነው። አሴቴት ፊልም በሙቀትና በእርጥበት የኮምጣጤ ሽታ እያመጣ ይኮማተራል፤ ቅዝቃዜና ደረቅ አየር ያዘገየዋል። በዚህ ረገድ ደጋው ወዳጅ ነው፤ ጠላቱ ክረምቱና የተዘጋው የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ነጋቲቮቹን ከላስቲክ አውጥቶ በወረቀት ፖስታ ማድረግ፣ ከወለል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በየፖስታው ላይ ዓመተ ምሕረቱን በእርሳስ መጻፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከዚያ ፖስታ የወጣ ስድስት በስድስት ነጋቲቭ ወደ መስኮት ሲያዝ፣ ጥቁር ጥርስ፣ ነጭ ፀጉር፣ እንደ ሌሊት የጠቆረ ነጠላ ይታያል፤ በጥለቱ አጠገብ የወደቀችው የእርሳስ ጭረት ሳትቀር። ለማየት የሚያስፈልገው የጠዋት ፀሐይ ብቻ ነው።